የመስክ መኪናችን ሾክ አብዞርበር ለምን ይሰበራል? ጭነት፣ ፍጥነትና የኮሚቴው ድርሻ

(ስለ መስክ ተሽከርካሪ አያያዝ ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤና ለልማት ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ እህል ክምችት ለመምከር የተሰበሰበ ሰው ስለ መኪና ሾክ አብዞርበር ሲነገረው «ይህማ የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ አይደለምን?» ቢል አይፈረድበትም። እኔም የመጓጓዣ ክፍሉን ሥራ በተረከብኩበት ጊዜ የማስበው እንዲሁ ነበር። ሾክ አብዞርበር ሲሰበር ጥፋቱን በመጀመሪያ በመንገዱ፣ ቀጥሎ በሾፌሩ፣ በመጨረሻም በዕቃው ሠሪ ላይ እጥል ነበር። ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ የደረስኩበት እምነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመስክ መኪና ላይ ሾክ አብዞርበርን የሚገድለው በአብዛኛው ድንጋዩ አይደለም፤ ሙቀት፣ ከመጠን ያለፈ ጭነትና ጥድፊያ ነው። ጭነቱን የሚወስነው፣ የመድረሻውን ሰዓት የሚቆርጠውና የመለዋወጫውን ገንዘብ የሚፈቅደው ደግሞ ሾፌሩ ሳይሆን እዚህ የተቀመጥነው ሰዎች ነን። ንግግሬ በሙሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

አንድ የቆላ ጉዞ

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት፣ በበጋው ማብቂያ ላይ፣ የእጅ ፓምፕ ዕቃና ሲሚንቶ ጭነን ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ እንወርድ ነበር። የአንድ ደብር ቄሰ ገበዝና ስድስት የውኃ ኮሚቴ አባላት አብረውን ተሳፍረዋል። መኪናው ባለ ረጅም አካል ላንድክሩዘር ነው። ከመነሣታችን በፊት ሾፌሩ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ከኋላ በግራ በኩል ያለው ሾክ አብዞርበር ዘይት እንደሚያንጠባጥብ፣ የቀኙም የላይኛው ጎሚኒ ተበልቶ እንዳለቀ ነገሩኝ። «ጋሼ፣ ይህችን አንድ ጉዞ ያድርሱን፤ ስንመለስ እናስጠግናለን» አልኳቸው። «እርስዎ ካሉ እንሄዳለን» ብለው ሞተሩን አስነሡ።

ጠጠሩ መንገድ ከተመላላሽ መኪና ብዛት የተነሣ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞግዶ ነበር። ሰዓቱ ስለገፋብን «ትንሽ ፈጠን ቢሉልን» ያልኩትም እኔው ነኝ። ሁለት ሰዓት ያህል በዚያ ፍጥነት ከተጓዝን በኋላ የመኪናው የኋላ ክፍል መዋኘት ጀመረ። አንድ ቀላል ኩርባ ላይ ሾፌሩ መሪውን ሲያዞሩ ፊቱ ታዘዘ፤ ኋላው ግን አልታዘዘም። የኋላ ጎማዎቹ በሞገዱ ጫፍ ለጫፍ እየዘለሉ መሬቱን በሚገባ አልያዙም ነበርና። መኪናው ወደ ጎን ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባና በጎኑ ተኛ። ሰው አልሞተም። የቄሰ ገበዙ ክንድ ግን ተሰበረ። ፓምፑን ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎችም በዚያ የውኃ ችግር ወቅት ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ከሩቅ ወንዝ ቀዱ።

የአደጋውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። «ምክንያቱ የአሽከርካሪ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከቀናት በኋላ ቄሰ ገበዙን ልጠይቅ ስሄድ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለ ሕመማቸው ብዙም አልተናገሩም። «ልጄ፣ ስንነሣ ሾፌሩ የነገሩህን ጽፈኸዋል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አልጻፍኩትም ነበር። ወደ ቢሮ ተመልሼ የጥገና መጠየቂያውን ደብተር ገለጥኩ። ያ ሾክ አብዞርበር እንዲቀየር ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል። ከሦስተኛው ጥያቄ ግርጌ «ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይቆይ» የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነበር። ሪፖርቱን አርሜ እንደገና አስገባሁ። ይህን ዕቃ በሚገባ ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ሾክ አብዞርበር ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ሾክ አብዞርበር የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ግን ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። የሾክ አብዞርበርን ሥራ ለመረዳት የደብራችሁን ደወል አስቡ። ደወል አንድ ጊዜ ተመትቶ ወዲያው ዝም አይልም፤ ብረቱ እየተርገበገበ ይቆያል። እጃችሁን ብታሳርፉበት ግን ጸጥ ይላል። ባሌስትራም ጉድጓድ ላይ አንድ ጊዜ ከተለጠጠ በኋላ ደጋግሞ ይዘላል። ሾክ አብዞርበሩ ያን ዝላይ ዝም የሚያሰኝ እጅ ነው። ይህ እጅ ከሌለ ጎማው መሬቱን ይዞ አይሄድም። ጎማው መሬቱን ካልያዘ ደግሞ ፍሬኑም መሪውም በሙሉ ኃይላቸው ሊሠሩ አይችሉም። ስለዚህ ሾክ አብዞርበር የምቾት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ዕቃ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘይት በሞላው ሲሊንደር ውስጥ በዘንግ ጫፍ የተያዘ ፒስተን ይመላለሳል። በፒስተኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች አሉ። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ባለ ቁጥር ዘይቱ በነዚያ ጠባብ ቀዳዳዎች በግድ ይሾልካል። ወፍራም መድኃኒት በቀጭን መርፌ ለመግፋት የሞከረ ሰው ኃይሉ የት እንደሚሄድ ያውቀዋል። የመኪናው ዝላይ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ወደ ሙቀት ተለውጦ ነው። ሙቀቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ አልፎ ወደ አየር ይወጣል። እንግዲህ ሾክ አብዞርበር ዝላይን ተቀብሎ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ መሆኑን ከያዝን የቀረው ሁሉ ግልጽ ይሆናል።

አሁን ወደ ሞገደው መንገድ እንመለስ። በእንዲህ ያለ ጠጠር መንገድ ላይ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ነው። 75 ሴንቲ ሜትር ብለን እንውሰድ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 16 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ይህም ማለት እያንዳንዱ ጎማ በየሴኮንዱ 22 ጊዜ ያህል ይመታል ማለት ነው። 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ደግሞ እያንዳንዱ ሾክ አብዞርበር ከ130,000 ጊዜ በላይ ይመታል። አንድ ትልቅ ጉድጓድ ሁላችንንም ያስደነግጠናል፤ ሾክ አብዞርበሩን የሚጨርሰው ግን ማንም የማይቆጥረው ይህ የትንንሽ ምት ብዛት ነው።

የብልሽቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ለመቀዝቀዝ ፋታ ካላገኘ ዘይቱ እየሞቀ ይቀጥናል። በተለመደው ባለ ሁለት ቱቦ ዓይነት ውስጥ ደግሞ ዘይቱና ጋዙ ተቀላቅለው አረፋ ይሆናሉ። አረፋ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ እንደ ዘይት አይታገልም። ሾፌሩ መኪናው ሲዋኝበት የሚሰማው ይህ ነው። ቆም ብሎ ሲያሳርፈው ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ሥራውም በከፊል ይመለሳል። ብዙ ሾፌር በዚህ ተታሎ «ደኅና ሆነ» ይላል። ነገር ግን በተደጋጋሚ የሞቀ የዘይት ማገጃ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ዘይቱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። በቆላ ምድር፣ አየሩ ራሱ በሚያቃጥልበት፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ዕድል ይበልጥ ይጠባል።

ሁለተኛው ጭነት ነው። ሾክ አብዞርበር ክብደት አይሸከምም ካልን ጭነት ለምን ይጎዳዋል? በሁለት ምክንያት ነው። የከበደ መኪና ሲዘል ለማቆም የሚጠይቀው ኃይል ብዙ ስለሆነ ሙቀቱም የዚያኑ ያህል ይበዛል። በተጨማሪም ባሌስትራው በጭነቱ ሲቀመጥ ፒስተኑ የሚሠራው በሲሊንደሩ ታችኛ ጫፍ አጠገብ ይሆናል፤ ትልቅ ጉድጓድ ሲገጥመው መጨረሻው ላይ ይመታል። ያን ጊዜ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ወይም ማሰሪያው ይቀደዳል። በጣሪያ ላይ የሚጫን ጭነት ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚወዛወዝ ከውስጥ ጭነት የከፋ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። መኪናው በጭነት ሲቀመጥ ጋራዥ ወስደን ባሌስትራ እናስጨምራለን። መኪናው ቀና ይላል፤ እኛም ችግሩ የተፈታ ይመስለናል። ነገር ግን የጠነከረው ባሌስትራ ሲመለስ የሚዘልበት ኃይል ከፊተኛው ይበልጣል፤ የድሮው ሾክ አብዞርበር ሊገታው አይችልም። መኪናው ከፍ ስላለም ሾክ አብዞርበሩ አስቀድሞ ተዘርግቶ ይኖራል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የዘንጉ ርዝመት ያልቅና የጎማውና የአክሱሉ ክብደት በሙሉ በሾክ አብዞርበሩ ላይ ይንጠለጠላል። ጆሮው የሚቀደደው፣ የላይኛው ዘንግ የሚበጠሰው በዚህ ጊዜ ነው። ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና በርዝመትም በጥንካሬም የሚስማማ ሾክ አብዞርበር ይፈልጋል። አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው ለግማሹ ሥራ ገንዘብ መክፈል ነው።

ሦስተኛው የትንንሽ ዕቃዎች ቸልተኝነት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ጎሚኒው ያልቃል፤ ወይም ዳዶው ይላላል። ከዚያ ብረት ብረትን መምታት ይጀምራል። በየሴኮንዱ 22 ጊዜ የሚመታ የላላ ብረት ብዙ ሳይቆይ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ዘንጉን ይበጥሳል፣ በመጨረሻም ከሻንሲው ጋር የተበየደውን ማሰሪያ ይሰነጥቃል። በጥቂት ብር የሚገዛ ጎሚኒ ባለመቀየሩ ሻንሲ ብየዳ የገባ መኪና አይቻለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አራተኛው ጭቃና ጠጠር ነው። ጭቃ በዘንጉ ላይ ደርቆ ሲቀር ዘንጉ በገባና በወጣ ቁጥር የዘይት ማገጃውን ጎማ ይፍቃል። ጠጠር የጫረው ዘንግም እንዲሁ ያደርጋል። ከጭቃ ጉዞ በኋላ መኪናው ከታች ሲታጠብ ዘንጎቹም በውኃ ተጠርገው መታየት አለባቸው። መታጠብ የሚገባቸው ግን ከቀዘቀዙ በኋላ ነው፤ በጣም በጋለ ሾክ አብዞርበር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ አይመከርም።

ሲገዛ ምን እንይ?

በገበያ ላይ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ባለ ሁለት ቱቦ ነው። ፒስተኑ በውስጠኛው ቱቦ ይመላለሳል፣ የውጭው ቱቦ ደግሞ ትርፉን ዘይት ይይዛል። ጠጠር መትቶ የውጭውን ቱቦ ቢያጎደጉደው ፒስተኑ አይነካም፤ ይህ ለድንጋያማ መንገድ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ሁለት ግድግዳና ዘይት አልፎ መውጣት ስላለበት ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ ነው። በውስጡ ዘይቱና ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ በተንቀሳቃሽ ፒስተን ተለያይተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ አረፋ በቀላሉ አይፈጠርም፤ ሙቀቱም በአንድ ግድግዳ ብቻ አልፎ ወደ አየር ይወጣል። ድክመቱ ደግሞ ቱቦው በድንጋይ ከተጎደጎደ ፒስተኑ እዚያው ላይ የሚይዝ መሆኑ ነው። ረጅም የሞገደ መንገድ ለሚሄድ፣ በብዛት ለሚጫን መኪና ባለ አንድ ቱቦው ወይም ወፍራም የሆነው ባለ ሁለት ቱቦ የተሻለ ነው። ድንጋይ ለሚበዛበት ቀስተኛ ጉዞ ባለ ሁለት ቱቦው ይበቃል። «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «ለእኛ መንገድና ለእኛ ጭነት የሚስማማው የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቅ ግን መልስ እናገኛለን።

በመግዛት ጊዜ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛ፣ በመኪናው መልክ ብቻ አትዘዙ። በገጠር በብዛት የሚታየው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር በመጀመሪያ ዘመኑ የመስክ ሞዴሎቹ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በተደረገው ለውጥ የፊቱ ሞላ ሆነ፤ የኋላው በባሌስትራ ቀጠለ። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ ሾክ አብዞርበራቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ትእዛዙ በሻንሲ ቁጥር ይሁን። ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ጥንድ ግዙ። በአንድ አክሱል ላይ አዲስና አሮጌ ሲገናኙ መኪናው በፍሬንና በኩርባ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ አዲሱም የአሮጌውን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ቶሎ ያልቃል። ሦስተኛ፣ ሐሰተኛ ዕቃ አለና ደረሰኝ ከሚሰጥና ዕቃውን ከሚመልስ ሻጭ ግዙ። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ዝቅተኛ ዋጋ» ብቻ ከተጻፈ የምናገኘውም ዝቅተኛውን ነው።

አገጣጠሙም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በቡሎን የሚታሰረውን ባለ ጆሮ ሾክ አብዞርበር መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ እስከ መጨረሻ ማጥበቅ ትክክል አይደለም። ጎማዎቹ መሬት ከረገጡና መኪናው በራሱ ክብደት ከተቀመጠ በኋላ ይጥበቅ። አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና በጥቂት ጉዞ ይቀደዳል። ባለ ዘንግ አናቱ ደግሞ ጎሚኒው በማጠቢያ ብረቱ ስፋት ልክ እስኪያብጥ ብቻ ይጥበቅ። ከዚያ በላይ የተጨመቀ ጎሚኒ መተጣጠፍ ስለማይችል ዘንጉን ያስበጥሳል።

በመንገድ ላይ

ሾፌሮቻችን ከሚያውቁት ነገር ውስጥ ሌሎቻችንም ልናውቀው የሚገባ ጥቂት አለ። በሞገደ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨመር መኪናው የሚለሰልስበት ደረጃ አለ። ጎማው ወደ ሞገዱ ሆድ ሳይወርድ ጫፍ ጫፉን ይዞ ስለሚበር ነው። ለተሳፋሪው ምቹ ነው፤ እኛም «አሁን ጥሩ ሄደ» እንላለን። ነገር ግን ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን የሚነካው በከፊል ነው። ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፣ በኩርባ ላይ ኋላው ይንሸራተታል። ቄሰ ገበዙን ክንዳቸውን ያሳጣቸው ያ ለስላሳ ጉዞ ነው።

የጎማ ንፋስ ማስተካከልም ብዙ ይረዳል። ለስለስ ያለ ጎማ የትንንሹን ምት ከፊል ራሱ ይቀበላል፤ ለሾክ አብዞርበሩ የሚደርሰው ይቀንሳል። ለምሳሌ በአስፋልት ላይ 40 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረው ጎማ በሞገደ ጠጠር ላይ ወደ 30 ገደማ ዝቅ ቢደረግ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ነገር ግን ንፋስ የቀነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ራሱ ይግላል፤ ጭነት ከበዛም ይፈነዳል። ስለዚህ ፍጥነቱ አብሮ ይቀንስ፤ አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊትም ንፋሱ ይመለስ። ይህን ለማድረግ በመኪናው ውስጥ የንፋስ መለኪያና መንፊያ መኖር አለበት። ሁለቱን አለመግዛት ቁጠባ አይደለም።

በየአንድ ሰዓቱ ወይም በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቆሞ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ሾፌሩ እጁን ሳያስነካ ወደ እያንዳንዱ ሾክ አብዞርበር ያስጠጋ። ቆዳ የሚያቃጥል ሙቀት ሊኖራቸው ይችላልና አይንካቸው። በአንድ አክሱል ላይ ያሉት ሁለቱ ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ የጋለ፣ ሌላው የቀዘቀዘ ከሆነ የታመመው የቀዘቀዘው ነው። ሥራ ስላቆመ አልሞቀም፤ የባልንጀራውን ሸክም የያዘው ነው የሚግለው። ይህን ምልክት አንድ አረጋዊ መካኒክ ካስተማሩኝ ወዲህ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ላይ ብልሽት አድኖናል።

ሁሉም ተደርጎ ቢሰበርስ? በመጀመሪያ የተሰበረው ጫፍ የፍሬን ቱቦውን ወይም የጎማውን ጎን እንዳይመታ ሾክ አብዞርበሩ ይፈታ፤ ካልተፈታም ከሻንሲው ጋር በሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። የፊት ሞላ ባላቸው መኪናዎች ሾክ አብዞርበሩ የጎማውን ወደ ታች መውረድ የሚገታ ሊሆን ስለሚችል፣ ከተፈታ በኋላ ሞላው ከቦታው እንዳይወጣና የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ተጠንቅቆ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ጭነቱ ይቀነስ፤ ጉዞው በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ሆኖ ወደ ቅርቡ ጋራዥ ይሁን። ቀጠሮው የሚጠብቀን የቱንም ያህል ሰው ቢሆን ይጠብቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን እናቶቻችን ያለ ምክንያት አላወረሱንም።

ከኮሚቴው የሚጠበቀው

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከላይ የተናገርኩት አብዛኛው ነገር በሾፌር እጅ ያለ ቢመስልም፣ ሾፌር ብቻውን ሊያደርገው አይችልም።

በመጀመሪያ ጭነቱን ቁጠሩ። የመኪናው ሊብሬ የመጫን አቅሙን ይናገራል፤ ግምት አያስፈልግም። አንድ ምሳሌ ላስላላችሁ። አማካይ ክብደታቸው 60 ኪሎ የሆነ 10 ሰዎች 600 ኪሎ ይሆናሉ። በጣሪያው ላይ ሁለት ኩንታል እህል 200 ኪሎ ነው። 200 ሊትር ናፍጣ የያዘ በርሜል ከነብረቱ ወደ 190 ኪሎ ይጠጋል። መለዋወጫ ጎማው፣ መሣሪያውና የመንገደኛው ጓዝ ሳይቆጠር አንድ ቶን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሳናሰፍር «አንድ ሰው ብቻ ጨምሩ» የምንል እኛው ነን። ዘመድ ሲለምነን፣ አባት ሲጠይቁን እምቢ ማለት ይከብዳል። ሾፌሩ እምቢ እንዲል አታስገድዱት፤ የተሳፋሪውን ቁጥር ኮሚቴው አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን፤ ሾፌሩ ውሳኔውን ብቻ ያሳይ።

ሁለተኛ፣ የመድረሻ ሰዓት ስትቆርጡ መንገዱን አስቡ። የሞገደ ጠጠር ባለበት የጉዞ ዕቅድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያዙ፤ የማረፊያ ጊዜም ጨምሩ። በዚህ ስሌት ሌሊት የሚያመሽ ከሆነ ስብሰባው በማግስቱ ይሁን። ጥድፊያ የሚወለደው በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ሾክ አብዞርበርንና ጎሚኒን በድንገተኛ ወጪ ሳይሆን በመደበኛ በጀት አስገቡ። እንደ ዘይትና እንደ ጎማ ያልቃሉ፤ ማለቃቸው አደጋ አይደለም፣ ሥራቸው ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ከእያንዳንዱ ረጅም የጠጠር ጉዞ በኋላም ይመርመሩ። ምርመራው ከባድ አይደለም። ከሲሊንደሩ ላይ አቧራ የያዘ ጥቂት ወዝ ቢታይ ሊታለፍ ይችላል፤ ወደ ታች የወረደ እርጥብ ዘይት ካለ ግን ዕቃው አልቋል። የጎማው ጥርስ አንድ ቦታ ጎድጉዶ ሌላ ቦታ ከፍ ብሎ ከተበላ፣ ሾክ አብዞርበሩን ተጠራጠሩ። ባሌስትራው ሻንሲውን እንዳይመታ በመካከል የተደረገው ጎማ አዲስ የመመታት ምልክት ካለው፣ ጭነቱን ተጠራጠሩ። ዳዶዎቹ ይጠበቁ፣ ማሰሪያዎቹ ስንጥቅ እንዳይኖራቸው ይጠረጉና ይታዩ። አንድ ተጨማሪ ጥንድ ጎሚኒ ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ይኑር።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። የሾፌሩን የጥገና ደብተር በየወሩ አንብቡ። አንብባችሁም መልስ ጻፉበት። «ይቆይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስማችሁን ፈርሙበት። ይህን የምለው ሰው ለማሳቀቅ አይደለም። ፊርማው የኔ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ከዚያ በኋላ «ይቆይ» ብዬ ከመጻፌ በፊት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ መኪናውን በዓይኔ ማየት ለመድኩ። ብዙውን ጊዜ አይቼ ስመለስ «ይገዛ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዴም ሾፌሩን ጠርቼ «ይህ ገና ይሠራል» እላለሁ፤ እሱም ይስማማል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ውሳኔው የታየ ነገር ላይ የቆመ ነው።

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እኅቶች፤

ያ የአበርገሌ ፓምፕ በመጨረሻ ተተከለ። ቄሰ ገበዙ ክንዳቸው ከዳነ በኋላ ከእኔ ጋር ብዙ ጊዜ ተጉዘዋል። ሁልጊዜ ከመሳፈራቸው በፊት በትራቸውን ተደግፈው በመኪናው ኋላ ጎንበስ ይሉና ሾክ አብዞርበሮቹን ያያሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። ኋላ ግን ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ከእሳቸው ተምረው ጎንበስ ማለት ጀመሩ፤ ሾፌሩም ማንም ሳያስታውሳቸው ፋኖስ ይዘው ያሳዩአቸው ነበር። ያ መኪና እኔ በዚያ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ በዚያ መንገድ ተመላልሷል፤ ሾክ አብዞርበሮቹም ብዙ ጊዜ ተቀይረዋል። ከመቀየራቸው በፊት የተሰበረ ግን አልነበረም።

ወደ የአጥቢያችሁ ስትመለሱ በመጀመሪያው የኮሚቴ ስብሰባችሁ ላይ የጥገናውን ደብተር አስመጥታችሁ የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች ጮክ ብላችሁ እንድታነቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ካለ፣ ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት መልስ ስጡት።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።